የጋሽ ይማም ብቸኛ ተማሪ

ጋሽ ይማም ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከሰነበቱ በኋላ ነው። ልጄ መሠረት ቀድማ ሰምታ ኖሯል። የደም ግፊቴን ፈርታ፣ «ትንሽ ሻል ይበላትና እኔው እነግራታለሁ» እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ለምና ዝም አሰኝታ ከርማለች። እኔ በዚያ ሁሉ ቀን ገበያ ወጥቼ በርበሬዬን ስሸጥ፣ ከደንበኛ ጋር ስስቅ ውዬ እገባ ነበር። አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት በምትሄድበት ሰዓት ሻይ አቅርባልኝ አጠገቤ ቁጭ አለች። አቀማመጧ የመርዶ ነበር።

«ማነው?» አልኳት።

«እማ፣ መጀመሪያ ሻይሽን ጠጪ።»

«ማነው አልኩሽ!»

«ጋሽ ይማም ናቸው። ከላላ፣ ወንድማቸው ቤት። ታመው ነበር አሉ።»

መቼ እንደሆነ ስትነግረኝ ያን ቀን ምን ስሠራ እንደዋልኩ አስታወስኩ። የገበያ ቀን ነበር። ደህና ሸጬ፣ ለራሴ ጫማ ገዝቼ ነበር የገባሁት። «እንዴት ትደብቂኛለሽ!» ብዬ ልቆጣት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ሌላ እናት ብትሆን ትቆጣ ነበር። እኔ ግን ይህንኑ ነገር ለራሳቸው ለጋሽ ይማም ያደረግኩ ሰው ነኝ፤ ምን አፍ አለኝ?

ጋሽ ይማም እዚሁ መካነ ሰላም በአንድ አጥር የምንዋሰን ጎረቤታችን ነበሩ። ብዙ ዘመናቸውን ዱባይ፣ ሀብታሞች ጎልፍ የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ሳር ሲያጠጡና ሲያስተካክሉ ኖረው ነው የተመለሱት። ሌላው ከአረብ አገር ሲመጣ ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣል። እሳቸው ጫፉ የታጠፈ አንድ ቀጭን የብረት ዱላና አንድ የወተት ጣሳ ሙሉ ነጫጭ ትንንሽ ኳስ ይዘው መጡ። ባለቤታቸው እሳቸው ባሕር ማዶ እያሉ አርፈዋል። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ጦይባ። አባቷ በመጡ በዓመቱ እሷ ደግሞ ለቤት ሠራተኛነት ሪያድ ሄደች። «እኔ በአንዱ በር ስገባ እሷ በሌላው ወጣች» ይሉ ነበር።

አዝመራው ተነስቶ ማሳው ሲራቆት ከሰፈራችን ጫፍ ያለው ሜዳ ላይ ይወጣሉ። አንድ ቢጫ ጀሪካን ከሩቅ ያስቀምጣሉ። ከዚያ ኳሷን መሬት ላይ አድርገው፣ እግራቸውን ከፈት፣ ጉልበታቸውን ለስለስ አድርገው ይቆማሉ። ዱላው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይወጣል፤ ሲመለስ አይታይም። ድምፁን ብቻ ነው የምትሰሙት። ኳሷ ጀሪካኑ አጠገብ ስታርፍ ቆባቸውን ከፍ አድርገው ግንባራቸውን ያካሉ። ደስታቸው ያቺው ነበረች።

ከተማው መቼም አይተዋቸውም። መናኸሪያው ጋ ቆመው ሰው የሚያስቁ ወጣቶች ሲያልፉ ያገኟቸውና፣ «ጋሽ ይማም፣ መሬቱ ምን በድሎዎት ነው?» ይሏቸዋል።

«መሬት የምትመታው አንተ ነህ፤ እኔ ኳሷን ነው» ይላሉ ሳይቆጡ። «ናና ላስተምርህ። ወገብህ ገና ለጋ ነው።»

ጥቂቶች መጥተው ነበር። እሳቸው ግን ኳስ አይሰጡም፤ መጀመሪያ ባዶውን መወንጨፍ፣ መቆም፣ መዞር ነው። ልጆቹ ደግሞ የፈለጉት አርቀው መምታትና ቪዲዮ መቀረጽ ነው። አንድ በአንድ ቀሩ።

የሰው አቋቋም ማየት አመላቸው ነበር። እንጨት የሚፈልጥ ሲያዩ ያስቆሙታል። «በክንድህ ብቻ አትድከም፤ ወገብህ የት ሄዷል?» ጆንያ የሚያነሳውን ተሸካሚ እግሩን ያስተካክሉለታል። እኔን ደግሞ በአጥር ላይ ባዩኝ ቁጥር የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፦

«አስካል፣ ትከሻሽን ከጆሮሽ አውርጂው።»

እውነታቸውን ነው። እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ደግሞ ባሰብኝ። በር ቆልፌ ወጥቼ ከመንገድ እመለሳለሁ። መሠረት ባጃጅ ስትሳፈር ሹፌሩን ስሙንና የማን ልጅ እንደሆነ ሳልጠይቅ አልለቃትም። ሳላውቀው ትከሻዬ ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ ተሰብስቦ ይውላል፤ ማታ አንገቴ ይቆረጥማል። እሳቸው ይስቁብኛል። «ቁልፉን ራሱን አሰለቸሽው» ይሉኛል።

ጁምዓ ጁምዓ ጦይባ ትደውላለች። ጋሽ ይማም ስልኩን ጮክ አድርገው ስለሚያናግሯት እኛም ግቢ ሆነን እንሰማለን። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የምትጠይቃቸው ጥያቄ ነበራት።

«አብዬ፣ ተማሪ ተገኘ?»

«አልተገኘም። ያገርሽ ሰው ትዕግሥት የለውም።»

«ይገኛል፣ ኢንሻአላህ» ትልና ትስቃለች። የሳቋ ድምፅ እስከ እኛ ደጃፍ ይመጣል።

ይቺ ልጅ ሞተች። ወሬውን ያመጣችው እዚያው ሪያድ የምትሠራ የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ለእናቷ ደውላ ነገረች፣ እናቷ ለቅሬያችን ዳኛ ለጋሽ ሁሴን። ቅሬ እናንተ እድር የምትሉት ነው፤ በእኛ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው፤ አብረን እንቀብራለን። ጋሽ ሁሴን ጎረቤቱን ቤታቸው ሰበሰቡን። የሆነው በሕመም ነው፣ እዚያው ተቀብራለች፣ ከዚህ ሌላ የታወቀ ነገር የለም አሉን። ሴቶቹ በነጠላችን አፋችንን ይዘን አለቀስን፤ አጥሩ ቅርብ ነውና ድምፅ ማውጣት አልተቻለም።

«ለይማም ብቻውን ሆኖ መርዶ አይነገረውም» አሉ ጋሽ ሁሴን። «ወንድሙ ሰይድ ከከላላ ይምጣ። አጠገቡ ይቁም። ያን ጊዜ በጠዋት ሄደን እናረዳዋለን። እስከዚያ ከመንገደኛ አፍ እንዳይሰማ አደራ።»

«ሰይድ መቼ ይደርሳል?» አለ አንዱ።

«መልእክት ልከናል። ቤቱ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ እሱም ታሞ ነበር። ይቆያል።»

«እስከዚያ እንዴት ይያዛል? ሰውዬው ቤት አይቀመጥ! መናኸሪያ ይወርዳል፣ ገበያ ይገባል። አንዱ ‹ነፍስ ይማር› ካለውስ?»

የጋሽ ሁሴን ባለቤት እትዬ ዘይነብ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ያ ሰው ተማሪ ካገኘ ከሜዳው ንቅንቅ አይል» አሉ። ዝም ብለው የተናገሩት ነበር። ጋሽ ሁሴን ግን ቀና ብለው ቤቱን በዓይናቸው ዞሩና እኔ ላይ አቆሙ።

«አስካል፣ አንቺ ሂጂለት።»

«እኔ? ጋሽ ሁሴን፣ በሞቴ! እኔ ዱላ የት አውቄ?»

«ስለማታውቂ አይደል የምትማሪ። ጎረቤቱ ነሽ፣ እንደ ልጁ ነው የሚያይሽ። ደግሞ ጠንቃቃ ነሽ፤ አንድ ቃል አያመልጥሽም።»

ጠንቃቃነቴ ሲሰደብብኝ እንጂ ሲመሰገንልኝ ሰምቼ አላውቅም ነበር። በዚያ ለቅሶ መሐል ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

በማግስቱ በአጥሩ ላይ ጠራኋቸው።

«ጋሽ ይማም፣ ይሄን ነገር ልማረው እስቲ።»

«የቱን?»

«ዱላውን። ትከሻዬን ያመኛል። አንቱም አውርጂው ይሉኛል ሁልጊዜ።»

አተኩረው አዩኝ። ነቁብኝ ብዬ ዓይኔን ወደ አጥሩ መለስኩ። ዞረው ወደ ቤት ገቡ። ሲወጡ ጣሳውንና ብረቱን ይዘዋል፤ ጁምዓ መስጊድ ሲሄዱ ብቻ የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል።

«መሠረትንም ጥሪያት፤ ሰው ደግሞ ሌላ እንዳይል» አሉኝ። ልጄ ደብተሯን ይዛ ማሳው ዳር ተቀመጠች። እሷም የጦይባን ነገር ታውቃለች። ቀና ብላ አላየችንም።

መጀመሪያ አያያዝ ነው ያስተማሩኝ። ብረቱን እንደ ዘነዘና ጨብጬ ያዝኩት።

«እንዲህ አይደለም። በጣቶችሽ እንጂ በመዳፍሽ አይደለም። ወንዝ የምታሻግሪያት አሮጊት ክንድ አድርጊው። ብትለቂያት ትወድቅብሻለች፤ ብታጠብቂባት ታማታለች።»

ያዝኩ። «ደህና» አሉ። «አሁን ዱላውን ወደ ኋላ ውሰጂው። በክንድሽ አይደለም! ክንድ ሁልጊዜ ችኩል ነው። ወገብሽና ደረትሽ ይዙሩ፤ ክንድሽ ተከትሎ ይሂድ። እኔ ስወስደው ቢስ እላለሁ፣ ስመልሰው ሚላህ። ለመጣደፍ ፋታ አይሰጥሽም።»

«እኔስ ምን ልበል?»

አሰቡበት። «አንቺ በስመ አብ በይ። ወወልድ ስትይ ላይ ደርሰሻል። ከዚያ ትመልሽዋለሽ። እንዲያውም ያንቺው ረዘም ይላል፤ ለአንቺ ችኮላ እሱ ነው ደህናው።»

ሳቅኩ። ሳቄ ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ። እሳቸው ደስ ብሏቸው አብረውኝ ሳቁ።

ቀን በቀን ወጣን። ኳስ ሳልነካ ባዶውን ስወነጭፍ ሰነበትኩ። ሲመለስ ክብደቴን ከቀኝ እግሬ ወደ ግራው እንዳሳልፍ፣ ኳሷ ከሄደችም በኋላ ዱላውን ግማሽ መንገድ ላይ ሳላቆም እንድጨርስ፣ ሆዴ ወደ ጀሪካኑ ዞሮ እንዲቆም አስተማሩኝ። ኳስ ሲሰጡኝ ግን አንድ ነገር እምቢ አለኝ። ገና ሳልመታ ቀና እላለሁ።

«ቀና አልሽ።»

«ኧረ አላልኩም።»

«ብለሻል። ኳሷ ሳትሄድ አንቺ ቀድመሽ ሄድሽ። ዓይንሽ እዚህ መሬቱ ላይ ይቆይ። የት እንደወደቀች እኔ አይልሻለሁ፤ አንቺ ምን አስቸኮለሽ?»

የማየው ኳሷን አልነበረም፤ መንገዱን ነበር። ከደሴ የሚመጣው ሚኒባስ በዚያ በኩል ያልፋል። ወሬውን የሰማ ዘመድ ወርዶ እየጮኸ እንዳይመጣ፣ አንዱ ደርሶ እጃቸውን ጨብጦ እንዳያለቅስ እጠብቃለሁ። እሳቸው ችሎታ ያጠረኝ መስሏቸው በትዕግሥት ከመጀመሪያው ይጀምሩልኛል። አንድ ቀን እንዲያውም ከፊቴ ተንበርክከው ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው በስሱ ይዘው፣ «አሁን ምቺ» አሉኝ። ዱላ የያዘ ጀማሪ ፊት!

ሌላም ነገር አለ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ትምህርቱን ወደድኩት። አራተኛ ክፍል ሳልጨርስ ከትምህርት ቤት ወጥቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብሎ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ «አይዞሽ፣ እንደገና» ያለኝ ሰው አልነበረም። አንገቴ ሕመሙ ተወው። ሌሊት እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። ማንም ሳይልከኝ ከኩሽናው ጀርባ ዘነዘናውን ይዤ ስወነጭፍ መሠረት ያዘችኝ።

«እማ፣ ምን እየሆንሽ ነው? አሁን እኮ እሳቸው የሉም» አለችኝ።

አቀረቀርኩና ዘነዘናውን ሙቀጫው ውስጥ መለስኩት።

ጁምዓ ደረሰ። ጋሽ ይማም ስልካቸውን ኮታቸው ኪስ አድርገው ማሳው ላይ ወጡ።

«ዛሬ ትደውላለች። ተማሪ ተገኘ ስላት አታምነኝም። አንቺው ታናግሪያታለሽ» አሉኝ።

ስልኩ አልጠራም። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ አልጠራም። ያወጡታል፣ ያዩታል፣ ይመልሱታል።

«ኔትወርክ ይሆናል» አልኩ።

«ቅድም ሁሴን በስልክ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ እኮ።»

«የውጭውን ነው አሉ የማያስገባው። ሰሞኑን እንዲህ ያደርጋል።»

ያለ አንድ መንተባተብ ወጣልኝ። «እንዲያ ነው?» አሉና ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። አመኑኝ። በኔትወርክ ነገር እዚህ አገር ማን ይጠራጠራል?

ሰይድ የደረሱ ቀን ጋሽ ሁሴን ገበያ ላይ በርበሬ የሚገዙ መስለው መጡ። «ነገ ጠዋት» አሉኝ ዝቅ ብለው። «ዛሬን ብቻ ያዢልን።» ሰይድን ሌላ ሰፈር አሳርፈዋቸዋል።

ከሰዓት ወጣን። ያን ቀን ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። ስንሄድም፣ ስንቆምም፣ ሲያናግሩኝም አቀርቅሬ መሬት መሬት አያለሁ። ኳሷን አስቀመጡልኝ። በስመ አብ ብዬ ዱላውን ወሰድኩት፤ ትከሻዬ አልተሰበሰበም፣ ክንዴ አልቸኮለም፤ መለስኩት። ቀና አላልኩም። ቀና ብል ፊታቸውን ላየው ነዋ። ጠቅ የሚል ንጹሕ ድምፅ ሰማሁ። እጄ ላይ ምንም ምት አልተሰማኝም፤ ዱላው አየር የቆረጠ ነው የመሰለኝ።

«ወላሂ!» ብለው ጮኹ። «ወላሂ ጨረስሽው! አየሽ? አስካል፣ አየሽ?»

አላየሁም። ሳይ እሳቸው ኮታቸው እየተርገበገበ ወደ ጀሪካኑ እየሮጡ ነበር። ኳሷን ከአጠገቡ አንስተው ወደ ላይ አሳዩኝ። እየሳቁ፣ በኮታቸው እጅጌ ዓይናቸውን እየጠረጉ ተመለሱ፤ ቆመው ትንፋሻቸውን ሳይሰበስቡ ስልካቸውን አወጡ። ደወሉ። በዓረብኛ የምትናገረዋን ሴት ድምፅ እኔም ሰማሁት።

«ዘግታዋለች። ሥራ ላይ ናት» አሉ።

«ሥራ ላይ ናት» አልኩ እኔም።

«ግዴለም፣ በድምፅ እልክላታለሁ፤ ስታገኘው ትሰማዋለች።» ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ጦይባዬ፣ አብሽሪ፣ ተማሪ ተገኘ! ጎረቤታችን አስካል ናት። ዛሬ አንዲት መታች፣ ዱባይ ብትሆን ሰው ያጨበጭብላት ነበር። ይኸው አጠገቤ አለች።» ስልኩን ወደ እኔ አዞሩት። «ነይ፣ ሰላም በያት።»

መሠረትን አየኋት። ደብተሯን ፊቷ ላይ አድርጋለች።

«ሰላም ጦይባ» አልኩ። «እንደምነሽ?»

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ሁላችን በራቸው ላይ ቆምን። ጋሽ ይማም ለሶላት ተነስተው ኖሯል፤ የዉዱእ ውሃቸውን እንደያዙ በሩን ከፈቱ። ጋሽ ሁሴንን አዩ፣ ሴቶቹን አዩ። ከመሐላችን ሰይድን ሲያዩ ውሃው ከእጃቸው ወደቀ። ወንድማቸው ደርሰው ሳይዟቸው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ።

«ጦይባ ናት» አሉ። የጠየቁ አይመስሉም ነበር።

የሰደቃው ቀን ካለፈ በኋላ ነው ያነጋገሩኝ። እኔና እትዬ ዘይነብ ከሌሎች ሴቶች ጋር ግቢያቸው ውስጥ ሳህን እናጥባለን። እሳቸው በድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ያዩናል። ፊታቸው አንድ ፍሬ ሆኗል።

«አስካል።»

«አቤት ጋሽ ይማም።»

«ያን ቀን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመጀመሪያው?»

«ከመጀመሪያው። አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

እጃቸውን አነሱ። «ለእሱስ ሁላችሁንም አፉ ብያለሁ። ወጉ ነው፤ እኔም ለሰው አድርጌዋለሁ። የምጠይቅሽ ሌላ ነው።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መለሱት። «እየተማርሽ ነበር? ወይስ እየጠበቅሽኝ ብቻ?»

የሳህኑ ድምፅ ቆመ። እትዬ ዘይነብ ቀና ብለው አዩኝ፣ ሴቶቹም አዩኝ። እየተማርኩ ነበር፣ ወድጄው ነበር ብል ልጃቸው አፈር ለብሳ እኔ ደስ ብሎኝ ስጫወት ነበር ማለቴ ነው። በለቅሶ ቤት እንዴት እንዲህ ይባላል? ሰው ምን ይለኛል? የሚያስነቅፈኝን ትቼ የማያስነቅፈኝን ፈለግኩ።

«ኧረ ጋሽ ይማም!» አልኩ። «ልጅዎ ሞታ እኔ የዱላ ጨዋታ ልማር? ለአንቱ ብዬ ነው እንጂ፣ ምን ሲደረግ!»

እትዬ ዘይነብ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ሴቶቹ ወደ ሳህናቸው ተመለሱ። ለጊዜው ቀለለኝ።

ጋሽ ይማም ግን ፊታቸው እንደ በር ሲዘጋ አየሁት። «እውነትሽን ነው» አሉ። «አላህ ይስጥሽ።» ሊነሱ ሞከሩና ተመልሰው ተቀመጡ። ሰይድ መጥተው ደግፈው አነሷቸው።

ከዚያ በኋላ ማሳው ላይ አልወጡም። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ስመለከት ያ ብረት ግቢያቸው መሐል መሬት ውስጥ ተቸክሎ ፍየል ታስሮበታል። ኳሶቹን የሰፈር ልጆች ወስደዋቸዋል። አይቼ ወደ ቤቴ ገባሁ። ያኔ ገብቼ «ጋሽ ይማም፣ ዋሽቻለሁ» ብል ሁለት ቃል ነበር። ነገ እላለሁ አልኩ፤ ነገ ሰው ነበረባቸው። ሌላ ቀን እላለሁ አልኩ። ወንድማቸው ብቻቸውን አልተዉዋቸውም፤ ቤቱን ዘግተው ወደ ከላላ ወሰዷቸው። ሲሄዱ መኪናው ድረስ ሸኝቻቸዋለሁ፤ ስንቅ ቋጥሬላቸዋለሁ፤ እሱን ማንም አላስታወሰኝም፣ ራሴ አሰብኩት። ያንን ግን አልተናገርኩም።

በኢድ እደውልላቸዋለሁ፣ በበዓላችን ይደውሉልኛል። ስለ መሠረት ይጠይቁኛል፣ ስለ ግፊቴ ይጠይቁኛል። ስለ ትከሻዬ ጠይቀውኝ አያውቁም። ቃሉ ምላሴ ላይ ይመጣል፤ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይባልም፣ ሄጄ ዓይናቸውን እያየሁ ነው የምለው እላለሁ። ክረምት ነው መንገዱ ያስፈራል፤ መንገዱ ሲደርቅ ደግሞ አገሩ ሰላም አይደለም አሉ፤ ሰላም ሲሆን በርበሬዬን ማን ይሸጥልኛል። ለፍርሃቴ ምክንያት አጥቼ አላውቅም።

መሠረት ከነገረችኝ በኋላ ከላላ ለመሄድ አላመነታሁም። እስከ ከተማው በመኪና ሄድኩ፤ ከዚያ በእግር። ለቅሶው በርዶ፣ ሰው ቀንሶ ደረስኩ። ሰይድና ባለቤታቸው ሶፊያ፣ ጥቂት ሽማግሌዎች ነበሩ። አልቅሼ ስጨርስ አስቀመጡኝ።

«ጋሽ ይማም እዚህ ሆነው ጎልፉን ይጫወቱ ነበር?» አልኳቸው።

«ምንድነው እሱ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

ሰይድ መለሱላቸው። «ዱባይ የለመደው የኳስ ጨዋታ ነው። እዚህ አልነካውም። እንዲያውም አንዴ፣ ለልጆቹ አስተምራቸው እንጂ፣ ዕውቀት ይዘህ አትቀመጥ ብዬው ነበር። ‹የኔን ነገር የሚማር ሰው የለም፤ አይቼዋለሁ› አለኝ። ሁለተኛ አላነሳሁበትም።»

ነጠላዬን ከአፌ ላይ አነሳሁት።

«እኔ ተምሬዋለሁ» አልኩ። ድምፄ ቤቱን ሞላው፤ እንዲያ መጮኼን አላወቅኩትም። «እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። ወድጄ ነው የተማርኩት። ሲጠይቁኝ ግን አልተማርኩም ብዬ ዋሸኋቸው። ሰው አፍሬ ነው።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ስለ ምን እንደማወራ የገባቸው አይመስለኝም። አንዱ «አላህ ይዘንለት» አሉ፤ ሌሎቹ «አሚን» አሉ። እኔም አሚን አልኩ።

ሶፊያ ምግብ አቅርበው የእጅ ውሃ ይዘው መጡ። እጄን ዘረጋሁ። ቀስ አድርገው እያፈሰሱልኝ፣ ሌላው እንዳይሰማ ዝቅ ብለው፣

«ይሄን ቢሰማ እንዴት ደስ ባለው» አሉኝ። ክፋት የለባቸውም፤ ከልባቸው ነው። «ከመካነ ሰላም መኪና በየቀኑ አለ አይደል?»

«አዎ» አልኳቸው። «በየቀኑ አለ።»